ቀን የተቆረጠለት ዘንዶ

ተጠራጣሪ፦ ስልክሽ ላይ የደረደርሽው ቀን የምንድን ነው? የሠርግ ጥሪ እንዳልል፣ የሙሽሮቹ ስም ሁሉ የፈረንጅ ነው።

ናፋቂ፦ የመጻሕፍት ነው ጋሼ። ገና ያልወጡ ልብ ወለዶች የሚወጡበትን ቀን እመዘግባለሁ።

ተጠራጣሪ፦ ላም አለኝ በሰማይ! መደርደሪያሽ ላይ የተኙትን ሳትጨርሺ ያልታተመውን ትቆጥሪያለሽ?

ናፋቂ፦ እሸት የሚናፈቀው ሳይደርስ ነው። ከደረሰማ ይጠበሳል፣ ይበላል፤ ማን ይናፍቀዋል?

ተጠራጣሪ፦ እሸቱን አምና በልቼዋለሁ፤ ጣዕሙን አውቀዋለሁ። ያንቺው ምን ዓይነት እህል ነው?

ናፋቂ፦ ሮማንታሲ ይሉታል። ሮማንስና ፋንታሲ የሚባሉት ሁለት የልብ ወለድ ዘሮች ተዳቅለው የወለዱት ስም ነው። አስማት አለበት፣ ዘንዶ አለበት፣ ጦርነት አለበት፤ ፍቅሩ ግን እንደ ቅመም ጣል የተደረገ ሳይሆን ምሰሶው ነው። ፍቅሩን ቢነቅሉት ቤቱ ይፈርሳል። ቃሉ ራሱ ገና ለጋ ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሰዎች በ2024 የዓመቱ ቃል እንዲሆኑ ለውድድር ካቀረቧቸው ስድስት ቃላት አንዱ ነበር። ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እየነገርኩዎት ነው።

ተጠራጣሪ፦ አሸነፈ?

ናፋቂ፦ አላሸነፈም። ያሸነፈው ኢንተርኔት ላይ ከመዋል ብዛት የሚመጣ የአእምሮ መበስበስ የሚለው አነጋገር ነው።

ተጠራጣሪ፦ ጎረቤታሞች ናቸው በይኛ!

ናፋቂ፦ ይሳቁ፣ ግድ የለም። ግን ይህን ይስሙኝ። ሬቤካ ያሮስ የምትባል አሜሪካዊት ደራሲ በግንቦት 2023 "ፎርዝ ዊንግ" የሚባል መጽሐፍ አወጣች። ዘንዶ ጋላቢዎች የሚሠለጥኑበት የጦር ኮሌጅ ታሪክ ነው። ስድስት ወር እንደሞላ ሁለተኛው "አይረን ፍሌም" ተከተለ። ሦስተኛው "ኦኒክስ ስቶርም" በጥር 2025 ሲወጣ በአንድ ሳምንት ከ2.7 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። ለአዋቂ ከተጻፉ ልብ ወለዶች መካከል በ20 ዓመት ውስጥ እንዲህ የፈጠነ የለም ተባለ። አሜሪካ ውስጥ መጻሕፍት ቤቶች ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ተከፍተው ሰው ተሰልፎ ገዛው።

ተጠራጣሪ፦ ሰልፍ ምስክር አይሆንም። እኛም ለዘይት ተሰልፈን እናውቃለን፤ ዘይቱ ጥሩ ስለነበረ ግን አልነበረም።

ናፋቂ፦ ለዘይት የተሰለፈ ሰው ዘይቱ ባለፈው ወር ምን ብሎ እንደነበር አይከራከርም። እነዚህ ይከራከራሉ። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ደራሲዋ በአንድ መስመር ጣል አድርጋ ያለፈችው ፍንጭ በሦስተኛው ምን ሊሆን እንደሚችል ይተነትናሉ፤ ለዚያም ሲሉ የፊተኞቹን እንደገና ያነባሉ። መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ያለፈውን ደግሞ ማንበብ ነው። በዚህ ዘመን ወጣት አንድን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ እንዲያነብ ያደረገ ሌላ ነገር ካለ ይጥሩልኝ።

ተጠራጣሪ፦ አንድን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ እንዲገዛ ያደረገም ሌላ ነገር የለም። ጠርዙ በቀለም የተቀባ፣ ሽፋኑ ወርቅ የተረጨበት፣ ለዚህኛው መጻሕፍት ቤት ብቻ የታተመ፣ ለዚያኛው ብቻ የታተመ። ታሪኩ ግን ያው ነው። የምትናፍቂው መጽሐፉን ነው ወይስ ዕቃውን?

ናፋቂ፦ ጠርዙ የተቀባ አንድ አለኝ፤ አልዋሽዎትም።

ተጠራጣሪ፦ አነበብሽው?

ናፋቂ፦ እንዳይቆሽሽ ብዬ ተራውን ቅጂ ነው ያነበብኩት።

ተጠራጣሪ፦ በቃ፣ ከዚህ በላይ ምን እላለሁ።

ናፋቂ፦ እሱ የእኔ ጥፋት ነው እንጂ የታሪኩ አይደለም። ሰው ወንጌሉንም በብር ይለብጠዋል፤ ታዲያ ወንጌሉ ምን አደረገ?

ተጠራጣሪ፦ እሺ፣ ልባሱን እንተወውና ወደ ውስጥ እንግባ። ውስጡ ቀመር ነው። ሁለቱ በመጀመሪያ ጠላቶች ናቸው። ከዚያ ማደሪያ ፍለጋ አንድ ቦታ ይደርሳሉ፤ አልጋው አንድ ብቻ ይሆናል። ከዚያ እሱ ይቆስላል፣ እሷ ታክማለች። መጻሕፍቱ የሚተዋወቁት እንኳ በእነዚህ ምልክቶች ነው፤ እንደ መድኃኒት ብልቃጥ ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ላዩ ላይ ይለጠፋል። በ2022 አንዲት መጽሐፏ ያልታተመላት ጸሐፊ ታሪኬን ወሰዱብኝ ብላ ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ከሳለች። የተከሳሾቹ መልስ ምን ነበር? ይህ በዘርፉ ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ ዕቃ ነው የሚል። እስቲ ፍረጂ፤ መከላከያው ራሱ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነን ማለት ከሆነ፣ ለየትኛው ነው ቀን የምትቆጥሪው?

ናፋቂ፦ የጉባኤ ቃና ቤቱ ሁለት ነው። ቅኔ ማኅሌት ቆሞ የሚያዳምጥ ሊቅ ሁለት ቤት እንደሚሰማ አስቀድሞ ያውቃል። ታዲያ ሰለቸው? ቤቱ መታወቁ ነው ጆሮውን የሚያቆመው። ይህ ባለቅኔ በዚያችው ጠባብ ቦታ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ ይጠብቃል። እኔም አልጋው አንድ ብቻ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ይህችኛዋ ደራሲ በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደምታናግራቸው ግን አላውቅም።

ተጠራጣሪ፦ ቅኔን ካነሳሽማ ሕጉን ሙሉውን አንሺው። ቤቱ የታወቀ ነው፣ እውነት ነው፤ የሰው ቅኔ መድገም ግን ነውር ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ተማሪ የሌላውን የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ይታፈርበታል። የእናንተ መንደር ግን ማፈሩን የተወ ይመስለኛል። በ2025 በአንዲት ደራሲ መጽሐፍ ውስጥ፣ የሌላ ጸሐፊን አጻጻፍ አስመስዬ አስተካክዬዋለሁ የሚል የማሽን መልስ ሳይሰረዝ ከነነፍሱ ታትሞ ተገኝቷል። አንባቢ ነው ያገኘባት።

ናፋቂ፦ እኔም አይቼዋለሁ፤ አፍሬያለሁም። ግን ያገኘባትም አንባቢ ነው ብለዋል፤ ይቺን አይርሱ። ቀመሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው አንባቢ ስለሆነ ከቀመር የዘለለውንም ቶሎ ይለያል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። የ"ፎርዝ ዊንግ" ባለታሪክ ቫዮሌት ትባላለች። መገጣጠሚያዋ ደካማ ነው፤ ትከሻዋ በትንሹ ይወልቃል፣ አጥንቷ ይሰበራል። መጻሕፍት ጠባቂ ለመሆን ነበር የተዘጋጀችው፤ ጄኔራሏ እናቷ ናት በግድ ወደ ጋላቢዎቹ ክፍል የሰደደቻት። ዘንዶው ላይ ጸንታ ለመቀመጥ ጉልበቷ ስለማይበቃ ኮርቻ ይሠራላታል። ለሌላው ጋላቢ ኮርቻ አያስፈልገውም፤ በኮርቻ መቀመጥ ለእሷ እንደ ውርደት የሚታይ ነገር ነው። ደራሲዋ ራሷ ኤለርስ ዳንሎስ የሚባል የመገጣጠሚያ ሕመም አለባት። ያ ኮርቻ ከቀመር የመጣ ይመስልዎታል?

ተጠራጣሪ፦ አይመስለኝም። ያ ከሥጋ የመጣ ነው።

ናፋቂ፦ የምጠብቀው እንዲህ ያለውን ነው።

ተጠራጣሪ፦ ጥሩ፣ አንድ ነጥብ አገኘሽ። አሁን ወደ ፍቅሩ ልምጣ፤ ምሰሶው እሱ ነው ብለሻልና። ሌላዋን ደራሲሽን፣ ሳራ ጄ. ማስን፣ ልጄ ስታነብ አይቼ ጠይቄያት ነበር። ባለታሪኳ ፌይረ 19 ዓመቷ ነው። የምትወደው ሰው፣ ሰውም አይደለም እንጂ፣ ዕድሜው ከ500 ዓመት በላይ ነው። ግዛት አለው፣ ሠራዊት አለው፣ ሐሳቧን ሰርስሮ ያነባል። እኛ አገር ልጅን ለሽማግሌ መዳር ይቅር ብለን ስንት ዘመን ተሟገትን። እናንተ ሽማግሌውን መልከ መልካም አድርጋችሁ፣ ክንፍ አብቅላችሁለት መልሳችሁ ታመጡታላችሁ።

ናፋቂ፦ ይህን ጥያቄ አልሸሸውም፤ ግን እርስዎ የሚሉት በኋላ የምትወደውን ነው፤ ከመጀመሪያው እንጀምር። በ2015 የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ "ኤ ኮርት ኦፍ ቶርንስ ኤንድ ሮዝስ" የአውሬውንና የቆንጆዋን ልጅ የቆየ ተረት ይዞ ይነሳል። ልጅቱ ባለግዛቱን ታምሊንን ትወዳለች፣ ታድነዋለች። ተረቱ ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። በ2016 የወጣው ሁለተኛው ግን ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። ያ የምትወደው ሰው ለደኅንነትሽ ብዬ ነው እያለ ቤት ይዘጋባታል። እሷ እየከሳች፣ ሌሊት እየተነሳች ታስታውካለች፤ እሱ አያይም። ጥላው ትሄዳለች። በመጀመሪያው መጽሐፍ ከእሷ ጋር ታምሊንን የወደደ አንባቢ ሁሉ፣ በሁለተኛው ተመልሶ ምልክቱ ከመጀመሪያውም እንደነበረ ያያል። ጥበቃና እስራት እንዴት እንደሚመሳሰሉ ስንት ወጣት ሴት እዚያ ተማረች መሰልዎ? ይህን የትኛው ስብከት አስተምሯት ነበር?

ተጠራጣሪ፦ ጥላው ሄደች። ወዴት?

ናፋቂ፦ ወደ ሌላው ግዛት።

ተጠራጣሪ፦ ወደ ሌላው ጌታ በይ። ከአንዱ ጌታ ቤት ወደ ሌላው ጌታ ቤት።

ናፋቂ፦ ይኼኛው እኩል ገዥ ያደርጋታል። በዚያ ዓለም ከእሷ በፊት እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘች ሴት አልነበረችም።

ተጠራጣሪ፦ እሱ ነዋ የሚያደርጋት! ዘውዱን ያገኘችው ከወደዳት ሰው እጅ ነው። የወደዳት ቀን የሰጣትን፣ የጠላት ቀንስ?

ናፋቂ፦ እዚህ ላይ መልስ የለኝም፤ መጽሐፉም ገና አልመለሰም። የምጠብቀው ደግሞ ስላልመለሰ ነው። የመጨረሻው የወጣው በ2021 ነበር፤ እሱም የእህቷን ታሪክ ነው የያዘው። ደራሲዋ በ2025 ክረምት የቀጣዩን የመጀመሪያ ረቂቅ ጨረስኩ አለች። ስድስተኛው ወደ 2026 መጨረሻ፣ ሰባተኛው በ2027 መጀመሪያ ይወጣሉ ተብሏል። እርስዎ አሁን የጠየቁኝን ጥያቄ ይዤ ነው የምገባው። የተመለሰ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተከታይ መጽሐፍ አያጓጓኝም።

ተጠራጣሪ፦ ያልተመለሰ ጥያቄ ማቆየትስ ነጋዴ የሚያውቀው ጥበብ አይደለም? ጥያቄውን ክፍት ትተሽ ገንዘቡን አስቀድመሽ መሰብሰብ። ብድር ነው። አንዳንዱ ተበዳሪ ደግሞ አይመልስም። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛውን መጽሐፉን ያወጣው በ2011 ነው፤ ስድስተኛው ዛሬም የለም። ፓትሪክ ሮትፈስ ሁለተኛውን በዚያው በ2011 አወጣ፤ ሦስተኛው የለም። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ሮበርት ጆርዳን ደግሞ በ1990 የጀመረውን ሳይጨርስ በ2007 ሞተ፤ ብራንደን ሳንደርሰን ነው ተቀብሎ በ2013 በ14ኛው ቅጽ የደመደመው። ደራሲ ሟች ነው፣ አንባቢም ሟች ነው። ባልተጨረሰ ነገር ዕድሜሽን ለምን ታስይዣለሽ?

ናፋቂ፦ ታዲያ ይፍጠኑ? ፍጥነቱንም አይተነዋል። ቅድም የነገርኩዎት "አይረን ፍሌም" በስድስት ወር ነው የደረሰው፤ እኔ የምወዳት አንባቢዋ ነኝ፣ ግን መሃሉ ላይ ጥድፊያው ይታወቃል። አንዱ ትዕይንት ገና ሳይበስል ሌላው ይጣዳል። ታሪኩ አምስት መጽሐፍ እንዲሆን ነው የታቀደው፤ ሁለት ይቀራል። ደራሲዋ ከሦስተኛው በኋላ እንደ በፊቱ እየተጣደፍኩ አልጽፍም ስትል ያዘነ ብዙ ነው። እኔ ግን እፎይ ነው ያልኩት። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል።

ተጠራጣሪ፦ ተረቱን ለእኔ ተይልኝ። እኔ የማውቀው ፍቅር ተከታይ ክፍል የለውም። "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ወጣ፤ በእኛው አቆጣጠር ማለቴ ነው። በዛብህና ሰብለ ወንጌል አንድ መጽሐፍ ውስጥ ተገናኙ፣ እዚያው ተለያዩ፣ እዚያው ሞቱ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያለቀሰ ሰው ዛሬም ያለቅሳል። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጨረሻው ይሰምራል ብለው ለማንም ዋስ አልጠሩም። የእናንተው ግን መጨረሻው ደስታ እንዲሆን ከሽፋኑ ጀምሮ የተማለ ነው። ሊጎዳሽ የማይችል ታሪክ እንዴት ሊነካሽ ይችላል?

ናፋቂ፦ ሰብለ ወንጌልን እኔም አልቅሼላታለሁ። ግን ልጠይቅዎት፤ አማርኛ ልብ ወለድ መቼ ተጀመረ?

ተጠራጣሪ፦ በአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ። ሮም ታተመ፣ በ1900 ዓ.ም.።

ናፋቂ፦ ታሪኩስ?

ተጠራጣሪ፦ ወዴት እንደምትሄጂ ገብቶኛል።

ናፋቂ፦ እስቲ ይንገሩኝ።

ተጠራጣሪ፦ የጦር አለቃው በጦርነት ተማረከ። መንታ ልጆች አሉት፤ ዋህድና ጦቢያ። ለአባታቸው ማስለቀቂያ ገንዘብ የረዳቸውን ነጋዴ ለመክፈል ዋህድ ወጣ፤ እሱም ለባርነት ተሸጠ። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ተነሳች።

ናፋቂ፦ የወንድ ልብስ ለብሳ። የማረካቸው ንጉሥ ዘመድ የሆነችው ልጅ ወንድ መስላት ትወዳታለች፤ ንጉሡም ሴት መሆኗን ሲያውቅ ይወዳታል። ከጠላትነት ወደ ፍቅር ነው ጋሼ! መጨረሻውስ?

ተጠራጣሪ፦ ድርብ ሠርግ።

ናፋቂ፦ ድርብ ሠርግ፤ ከ"ፍቅር እስከ መቃብር" 58 ዓመት በፊት። መጽሐፉ ሲታተም "ልብ ወለድ ታሪክ" ነው የተባለው፤ ዛሬ ዘርፉን ሁሉ ልብ ወለድ እያልን የምንጠራው ከዚያው ነው። ቃሉ ከነነፍሱ የተወለደው ሰምሮለት ከሚያልቅ የፍቅር ጀብዱ ሆኖ ሳለ፣ እርስዎ እንደ ባዕድ ያዩታል።

ተጠራጣሪ፦ የዚያ ሠርግ ዋጋ ምን እንደነበር ግን አትርሺ። ንጉሡ ሃይማኖቱን ለውጦ ነው ያገባት። አፈወርቅ ደስታውን ዝም ብለው አልሰጡም፤ አንድ አገር ሙሉ ነው ያስለወጡበት። ደግሞም በጦቢያ ታሪክ ውስጥ ዘንዶ የለም።

ናፋቂ፦ ዘንዶማ በየቤታችን ሞልቷል። ከሳባ ንግሥት በፊት ሕዝብ የገበረለት አርዌ ዘንዶ ነው። አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ አምባ ላይ ያወጣቸው ዘንዶ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የሚወጋው ዘንዶ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አለ።

ተጠራጣሪ፦ ቆጠርሽልኝ፤ እኔም ልቁጠርልሽ። አንደኛው ይገደላል፣ ሁለተኛው ይታዘዛል፣ ሦስተኛው ይወጋል። አንዱም ከሴት ልጅ ጋር ሲጨዋወት አላየሁም። በጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ያለችው ልጅ፣ ብሩታዊት፣ ዛፍ ላይ ወጥታ አዳኟን ነው የምትጠብቀው።

ናፋቂ፦ አዲስ ነገር መጣ የምልዎ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ከዛፉ ወረደች። ዘንዶውን አልወጋችም፤ ኮርቻ ጭና ተቀመጠችበት።

ተጠራጣሪ፦ ይህን ጥሩ አልሽ። ግን አዲስ አትበይው። በአእምሮው የሚያናግር ዘንዶና ጋላቢው በአን ማካፍሪ መጽሐፍ በ1968 አብረው በርረዋል። የእናንተ መንደር ትዝታው አጭር ነው፤ ሁሌ ወደፊት ስለሚያይ የኋላውን ያልነበረ ያስመስለዋል።

ናፋቂ፦ ይኼ ክስ ልክ ነው። ያልወጣውን ስንመዘግብ የወጣውን እንረሳለን።

ተጠራጣሪ፦ መዝገብሽ ላይስ ሁሉም የፈረንጅ ንጉሥና የፈረንጅ ጫካ ነው?

ናፋቂ፦ ሁሉም አይደለም። ወላጆቿ ናይጄሪያውያን የሆኑ ቶሚ አዴየሚ የምትባል አሜሪካዊት አለች። "ቺልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን" የሚለውን መጽሐፏን በ2018 ስታወጣ ገና 24 ዓመቷ ነበር። የዮሩባን አማልክት ይዛ ነው የተነሳችው፤ ሐሳቡ የመጣላት ግን ብራዚል፣ ሳልቫዶር ሄዳ ሳለ ነው፤ በባርነት የተጋዙት ሰዎች አማልክቱን ይዘዋቸው ተሻግረው ነበርና። ሦስተኛውና የመጨረሻው በ2024 ወጣ። ፊልሙ በ2027 መጀመሪያ እንዲወጣ ቀን ተቆርጦለታል።

ተጠራጣሪ፦ በአማርኛስ?

ናፋቂ፦ መዝገቤ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የለም።

ተጠራጣሪ፦ አርዌ ቁጭ ብሎ።

ናፋቂ፦ አርዌ ቁጭ ብሎ።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ልንገርሽና ፍረጂ። በ1968 ሌላም ደራሲ ነበረች፤ ኧርሱላ ለጉዊን። የደሴቶቹን ዓለም የኧርዝሲን ታሪክ በዚያ ዓመት ጀመረች፣ ሦስተኛውን በ1972 አውጥታ ዘጋችው። ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት፤ ተጀመሩ፣ አለቁ። ቀን የሚጠብቅ የለም፣ የሚቀባ ጠርዝ የለም። አንባቢ የተዘጋ ነገር ሲሰጠው ያከብረዋል። ፋንታሲ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ናፋቂ፦ እዚያ ላይ አቆሙ?

ተጠራጣሪ፦ ሦስቱን አንብቤ በቃኝ።

ናፋቂ፦ አራተኛው አምልጦዎታል። "ቴሃኑ" ይባላል፤ በ1990 ነው የወጣው። ከሦስተኛው 18 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ተጠራጣሪ፦ 18 ዓመት?

ናፋቂ፦ በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ የነበረችው ልጅ፣ የመቃብሮቹ ካህን ቴናር፣ ትዝ ትልዎታለች?

ተጠራጣሪ፦ እንዴት አትለኝ።

ናፋቂ፦ በአራተኛው ባሏ የሞተባት የገበሬ ሚስት ሆና ነው የምናገኛት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ሰዎች እሳት ውስጥ የጣሏትን አንዲት ሕፃን ታሳድጋለች። ያ ታላቁ አስማተኛ ጌድ ኃይሉን ሁሉ አጥቶ፣ ሰው ብቻ ሆኖ ደጇ ይመጣል። ይዋደዳሉ። ያቺ የተቃጠለች ሕፃን ደግሞ ከዘንዶዎቹ ወገን ሆና ትገኛለች። ፍቅርና ዘንዶ ነው ጋሼ፤ ግን አልጋው አንድ ስለሆነ አይደለም የተቀራረቡት፤ ሁለቱም የሚሸሸጉበት ክብር ስላልቀራቸው ነው። ለጉዊን በኋላ ራሷ እንደተናገረችው፣ የፊተኞቹን ስትጽፍ ዓለሙን ያየችው በወንዶቹ ዓይን ነበር። ያንን አይታ፣ ሌላ ሰው ሆና ለመመለስ 18 ዓመት ፈጀባት። የፊተኞቹን አላፈረሰችም። ቴናር ቆማ የነበረችበት ቦታ ሄዳ ቆመች እንጂ።

ተጠራጣሪ፦ ታዲያ ለእኔ መሰከርሽ! ለዚያ መጽሐፍ ማን ቀን ቆረጠለት? ማንም አልጠበቀውም፤ ያማረው ለዚህ ነው። የደራሲው ልብ በስልክ መዝገብ አይታዘዝም።

ናፋቂ፦ መመስከሬን አልክድም። መጠበቅ ዋጋ የሚኖረው ደራሲዋ በመሃል ተለውጣ እንደሆነ ብቻ ነው። ያው ሰው ያንኑ ነገር ሊደግም ከሆነ ነገ ቢመጣም ዘግይቷል። ማስም ከ2021 ወዲህ፣ ያሮስም ከ2025 ወዲህ ምን ሆነው እንደሚመለሱ ነው የምጠብቀው። ለፌይረ ያነሱት ጥያቄ መለኪያዬ ይሆናል፤ ዘውዱን በገዛ እጇ ካልያዘችው ከመዝገቤ እሰርዛቸዋለሁ።

ተጠራጣሪ፦ ደራሲዋ ተለወጠች አልተለወጠችም፣ ቀኑ አይነግርሽም።

ናፋቂ፦ አይነግረኝም። ቀኑ የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። እዚህ አዲስ አበባ ያለሁት እኔ፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ፣ ዱባይ የምትሠራው ጓደኛዬ፣ ሦስታችን በአንድ ሌሊት አንድ ገጽ ላይ እንደምንሆን ነው። ለአንድ ሌሊት ማናችንም አልራቅንም። እርስዎ ሬዲዮ ከበው ወጋየሁን ሲጠብቁ የነበረው እንዲህ አልነበረም? ያም ቀንና ሰዓት ነበረው።

ተጠራጣሪ፦ ነበረው። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

ናፋቂ፦ ታዲያ?

ተጠራጣሪ፦ ታዲያ ልዩነቱ፣ እኛ ስንጠብቅ መጽሐፉ ታትሞ አልቆ ነበር። መቃብሩ ተቆፍሮ ነበር። እኔ አሁንም ያለቀ መጽሐፍ ነው የምመርጠው፤ ደራሲው እጁን አንስቶ፣ በቃ ያለውን። ቴሃኑን እንኳ ብትሰጪኝ የማነበው ያለቀ ስለሆነ ነው።

ናፋቂ፦ ሽፋኑ ላይም እንዲያ ይላል። ከርእሱ ሥር የኧርዝሲ የመጨረሻው መጽሐፍ ተብሎ ታትሞበታል።

ተጠራጣሪ፦ አየሽ?

ናፋቂ፦ በ2001 ሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት ወጡ።